የመጀመሪያው ምዕራፍ ለምን ይዘለላል? የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ህክምና መመሪያ እንደ ማስተማሪያ መጽሐፍ

በጤና ባለሙያዎች ዘንድ «ኤምኤችጋፕ» እየተባለ የሚጠራው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የአእምሮ ህክምና ስፔሻሊስት ላልሆነ ባለሙያ የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። በአእምሮው ይዞት የተጻፈው አንባቢ ጠቅላላ ሐኪሙ፣ ጤና መኮንኑና ነርሷ ናቸው። ማለዳ ሳልና ወባ ሲያክም አርፍዶ፣ ከቀትር በፊት እንቅልፍ የራቃት እናት የምትቀርብለት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እጁ በገመድ የታሰረ ወጣት ተይዞ የሚመጣበት ባለሙያ ማለት ነው። ድርጅቱ መርሐ ግብሩን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ የመመሪያው የመጀመሪያ እትም በ2010፣ ሁለተኛው በ2016 ታተመ። በ2023 የወጣው የተሻሻለ የምክረ ሐሳብ ሰነድ ደግሞ ጭንቀትን ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎ ጨመረ። እዚህ የምመለከተው የ2016ቱን እትም ነው፤ በ2017 የወጡት የስልጠና መጻሕፍት የተዋቀሩት በዚህ እትም ላይ ነውና።

መመሪያ እንደ መጽሐፍ አይገመገምም የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ብዙ ጠቅላላ ሐኪሞች ከምረቃ በኋላ የአእምሮ ህክምናን እንደገና የሚማሩት በዚሁ መመሪያ ስልጠና ነው። ተማሪ ሳሉ በአእምሮ ህክምና ክፍል ያሳለፉት ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ለውስጥ ደዌ፣ ለቀዶ ህክምና፣ ለሕጻናትና ለማህፀንና ጽንስ ከተመደበው ጊዜ አጠገብ ሲቀመጥ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ይህ መጽሐፍ የሚያስተምረውም ሆነ ሳያስተምር የሚያልፈው ነገር ዞሮ ዞሮ ታካሚው ላይ ያርፋል። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። መመሪያው ምን መደረግ እንዳለበት ሲያስተምር ጥንቁቅና ግልጽ ነው። ከታመመ ሰው ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚያስረዳው የመጀመሪያ ምዕራፉ ደግሞ ከክፍሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ነገር ግን የምናሰለጥንበትና የምንፈትንበት መንገድ ባለሙያው ያንን ምዕራፍ ዘሎ ወደ መድኃኒቱ እንዲሄድ አድርጎታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ አንድ ጠቅላላ ሰንጠረዥ አለ። ታካሚው ይዞት ከሚመጣው ምልክት ተነስቶ ወደየትኛው ክፍል መሄድ እንደሚገባ ያመላክታል። ክፍሎቹም ድብርት፣ ሳይኮሲስ፣ የሚጥል በሽታ፣ የሕጻናትና የአፍላ ወጣቶች ችግሮች፣ የመርሳት በሽታ፣ ከመጠጥና ከዕጽ የሚመጡ ችግሮች፣ ራስን መጉዳትና ማጥፋት፣ በመጨረሻም ከእነዚህ በአንዱም ያልተካተቱ ቅሬታዎች ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል ምዘና፣ ህክምና፣ ክትትል በሚሉ ሦስት ደረጃዎች ይጓዛል። ቀስቱ እየመራ፣ «አዎ» እና «አይደለም» እያለ ባለሙያውን ወደ ውሳኔ ያደርሰዋል። የአንደኛው እትም ሦስት ደረጃዎች ምዘና፣ ውሳኔና ህክምና ነበሩ። በሁለተኛው እትም ክትትል ራሱን ችሎ መቆሙ ትልቅ መሻሻል ነው፤ የአእምሮ ህመም በአንድ ቀጠሮ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለምና።

የድብርት ክፍሉ የመጽሐፉን ብርታት በደንብ ያሳያል። ጠቅላላ ሰንጠረዡ ለድብርት ከሚጠቅሳቸው ምልክቶች መካከል በቂ ምክንያት ያልተገኘላቸው፣ የማይለቁ ልዩ ልዩ የሰውነት ሕመሞች ይገኛሉ። ለሀገራችን ሐኪም ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ መስመር ማግኘት ይከብዳል። ወደ ጤና ጣቢያ የምትመጣ የገጠር ሴት «አዝኛለሁ» ብላ ካርድ አታወጣም። ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴን ይቆረጣጥመኛል፣ ልቤ ትር ትር ይላል ትላለች። ለጨጓራው ኪኒን፣ ለራሱ ሌላ ኪኒን ተሰጥቷት ትመለሳለች፤ በወሩም በዚያው ቅሬታ ትመጣለች። መመሪያው እዚህ ላይ ባለሙያውን ቆም ያደርገዋል። ቢያንስ ለ2 ሳምንት የቆየ የመከፋት ስሜት ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ ከነበረ ነገር ፍላጎት መራቅ እንዳለ ጠይቅ፤ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ድካሙን፣ ተስፋ መቁረጡን ጠይቅ፤ ችግሩ የዕለት ኑሮን እስከማሰናከል መድረሱን እይ ይላል። ወደ ህክምና ከመሻገሩ በፊት ደግሞ ደም ማነስን፣ የምግብ እጥረትን፣ የእንቅርት ሆርሞን መቀነስን፣ የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳትን እንዲያጣራ ያዘዋል። ባለፉት 6 ወራት ውስጥ ሐዘን የደረሰበት ሰው እንደሆነም ያስጠይቀዋል። ለቅሶውን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ ሙት ዓመቱን እየቆጠረ የሚያዝን ሕዝብ መካከል ለሚሠራ ሐኪም የመጨረሻዋ ጥያቄ ልዩ ክብደት አላት።

ከዚያም አንድ ወሳኝ ማቆሚያ አለ፦ የድብርት መድኃኒት ከመጻፍህ በፊት፣ ሰውየው ከዚህ ቀደም ከልክ ያለፈ ደስታና ጉልበት፣ የእንቅልፍ አለመፈለግ፣ ያለ መጠን መናገርና ገንዘብ መበተን የታየበት ጊዜ እንደነበረ ጠይቅ። ይህ ከታለፈ ባይፖላር ያለበትን ሰው በፍሉኦክሰቲን ብቻ ወደ ማኒያ መግፋት ይመጣል። አንድ የህክምና ተማሪ ከአእምሮ ህክምና ቆይታው ይህችን ጥያቄ ብቻ ይዞ ቢወጣ እንኳ የሰው ሕይወት ያድናል። መጠኑም ግልጽ ነው። ፍሉኦክሰቲን በቀን ከ10 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ወደ 20 ይወጣል፤ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላም ህክምናው ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። የመጨረሻው ነጥብ በተግባር ብዙ የሚጣስ ነው፤ ታካሚው ሲሻለው ያቆማል፣ ሐኪሙም አብሮ ያቆማል።

የድብርት ክፍሉ ድክመት የሚታየው የንግግር ህክምና ላይ ሲደርስ ነው። ችግር መፍቻ ምክር፣ የግንኙነት ተኮር ህክምና፣ አስተሳሰብና ባህሪ ላይ የሚሠራ ህክምና እያለ ስማቸውን ይዘረዝራል፤ እንዴት እንደሚሰጡ ግን አያስተምርም። ድርጅቱ ለእነዚህ የተለዩ መጻሕፍት አሉት፤ በወረዳ ጤና ጣቢያ ያለ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ግን አብረው አይገኙም። ብዙ ነገር ተዘርዝሮ ከተዘረዘሩት አንዱን ብቻ፣ ማለትም ኪኒኑን፣ እንዴት እንደሚሰጥ የሚያውቅ ባለሙያ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። መመሪያው መድኃኒትን አስቀድም አይልም። አዘገጃጀቱ ግን በተግባር እዚያ ያደርሳል።

ከዚህ የጠለቀው ችግር የጥያቄው አጠያየቅ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ሐኪሙ ሊያውቀው የሚገባው እንጂ ታካሚው ሊሰማው የሚገባ ንግግር አይደለም። ተማሪዎቻችን ምልክቶቹን በእንግሊዝኛ ያጠናሉ፣ በእንግሊዝኛ ይፈተናሉ፤ ታካሚውን የሚያናግሩት ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ፣ በሶማሊኛ ነው። የተዘጋጀ መንገድ ስላልተሰጣቸው ብዙዎቹ በቀጥታ «ድብርት አለብሽ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ «የለብኝም ዶክተር» ይሆናል፤ ቀስቱም ወደ «አይደለም» ይጠቁማል። ልምድ ያላት ነርስ ግን እንዲህ ትላለች፦ «እማማ፣ ድሮ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ጠርተው ይጫወቱ ነበር አይደል? አሁንስ? ሰው ሲመጣ ደስ ይልዎታል ወይስ ቶሎ በሄደልኝ ይላሉ?» ሴትዮዋም ጥቂት ዝም ብለው ይቆዩና መናገር ይጀምራሉ። ይህን የዓለም ጤና ድርጅት ጄኔቫ ላይ ሆኖ ሊጽፍልን አይችልም። እሱም አልደበቀም፤ መመሪያው በየሀገሩ እንዲስማማ ተደርጎ መዘጋጀት እንዳለበት በማስፈጸሚያው ክፍል ይናገራል። በየቋንቋው፣ በየአካባቢው አነጋገር የጥያቄዎቹን ቃል ማዘጋጀት የእኛ የመምህራንና የስፔሻሊስቶች ሥራ ነበር።

ከህክምና ክፍሎቹ መካከል እኔ አብልጬ የምወደው ግን ብዙ ሰው የማያነበውን የመጨረሻውን የህክምና ክፍል ነው። የሰውነት ሕመም አለበት፣ ግን ምርመራው ምንም አላሳየም፤ የድብርት መስፈርትም አያሟላም። እንዲህ ላለው ታካሚ ምን ይደረግ? መመሪያው ቅሬታውን እንዳትንቅ፣ ሕመሙ እውነተኛ መሆኑን ተቀበል፣ አላስፈላጊ ምርመራ አትደርድርበት፣ ስለ ኑሮው ጭንቀት ጠይቀው ይላል። ከዚያም በማያሻማ ቋንቋ ሁለት ነገር ይከለክላል። ስፔሻሊስት ካልመከረ በቀር የጭንቀትም ሆነ የድብርት መድኃኒት አትስጥ፤ የቫይታሚን መርፌና የመሳሰሉትን የማይጠቅሙ ህክምናዎች አትስጥ። መርፌ ያልተወጋ ሰው አልታከምኩም በሚልበት ሀገር፣ በየመንደሩ ክሊኒክ ለድካምና ለመንፈስ ጭንቀት መርፌና ግሉኮስ በሚሰጥበት ሁኔታ፣ ይህ ክልከላ ድፍረት ያለው ነው። ለወጣት ሐኪም ደግሞ መከታ ይሆነዋል፤ «እንዲያው አንዲት መርፌ» ብሎ የሚማጸነውን ታካሚ እምቢ ሲል መመሪያውን ተደግፎ ነው። በስልጠና ላይ ይህ ክፍል ቢያንስ የድብርትን ያህል ጊዜ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ከሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት ብዙው እዚህ ነውና።

ራስን ማጥፋትን የሚመለከተው ክፍል ከተማሪዎች ጋር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ስለ ራስን ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይዘራም፤ ይልቁንም ጭንቀቱን ያቀልለታል፣ እንደተረዱትም እንዲሰማው ያደርጋል ይላል መመሪያው። ይህ ዓረፍተ ነገር በእኛ ሀገር ትልቅ ግድግዳ ይገጥመዋል። ጉዳዩ ኃጢአት ነው፣ የቤተሰብ ነውር ነው፣ በቀብር ሥርዓት ላይም የሚያስከትለው ነገር አለ። ተማሪው ራሱ በዚያው ባህል አድጓልና ቃሉን ከአፉ ማውጣት ይፈራል። ስለዚህ ማንበቡ አይበቃውም። ጮክ ብሎ መለማመድ አለበት፦ «እንዲህ ሲከብድዎት፣ ምነው ባልነጋ፣ ምነው ባልኖርኩ የሚያሰኝ ጊዜ አለ?» ብሎ ጀምሮ፣ «ሕይወትዎን ሊያጠፉ አስበው ያውቃሉ?» እስከሚለው ድረስ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ። መመሪያው ራስን መጉጃ የሚሆኑ ነገሮችን፣ በተለይም ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን፣ ከታካሚው እንዲርቁ ማድረግን በተግባራዊ መንገድ ማንሳቱም ያስመሰግነዋል። የተባይ መድኃኒት ከእህሉ ጎን በሚቀመጥበት የገበሬ ቤት ይህ ምክር የቤተሰቡን አባል ጠርቶ ዛሬውኑ ሊነገር የሚገባው ነው።

በሳይኮሲስ ክፍል ላይ የ2016ቱ እትም አንድ አከራካሪ ለውጥ አድርጓል። በ2010 ራሱን ችሎ የነበረውን ባይፖላር ከሳይኮሲስ ጋር አንድ ላይ አደረገው። ለጤና ጣቢያ ባለሙያ ይህ ትክክል ነው። ታስሮ የመጣውን ወጣት ሲያይ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጉዳቱን መከላከል፣ ትኩሳትና የጭንቅላት ጉዳት አለመኖሩን ማጣራት፣ ማረጋጋት ነው። ለህክምና ተማሪ ግን ልዩነቱ እንዲደበዝዝ ያደርጋል፤ የሁለቱ ህመሞች አካሄድ፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ የዘለቄታ መድኃኒት የተለያየ ስለሆነ መምህሩ የተዋሐደውን መልሶ መለየት አለበት። የመድኃኒት አሰጣጡ ትምህርት ግን ጠንካራ ነው። ሃሎፔሪዶል ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ የመንቀጥቀጥና የመገታተር ማስታገሻዎች ለሁሉም ታካሚ እንደ ልማድ አይጻፉም። ሳምንት ሳይሞላው መጠኑን እጥፍ የሚያደርግ፣ ወጣቱ አንገቱ ሲጣመም ደግሞ ቤተሰቡ «መንፈሱ ባሰበት» ብሎ ወደ ጸበል እንዲወስደው ምክንያት የሚሆን ችኩል አጻጻፍ ይታወቃል፤ ይህን ገጽ በደንብ የተማረ ሐኪም አያደርገውም። መጽሐፉ ሊመልሰው የማይችለው መድኃኒቱ በመጋዘን አለመገኘቱን ነው። ዛሬ የተጀመረ ሃሎፔሪዶል በሚቀጥለው ወር ከፋርማሲው ከጠፋ የተማረው ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ስለ ጸበል፣ ስለ ዛር፣ ስለ ቡዳና ስለ መተት መመሪያው ለኢትዮጵያዊው ሐኪም የሚሰጠው የንግግር መንገድ የለም። ዓለም አቀፍ መጽሐፍ ነውና እንዲሰጥ መጠበቅ አይገባም፤ መምህር ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ብዙ ታካሚዎች ጸበልና ኪኒንን አብረው ይሻሉ። «ጸበሉን ተው» የሚል ሐኪም ታካሚውን ያጣል፤ «ጸበሉን እየጠጣህ መድኃኒቱንም ውሰድ፣ በሰንሰለት ግን አትታሰር» ብሎ ከቤተሰቡና ከአጥማቂው ጋር የሚነጋገር ሐኪም ታካሚውን ያቆየዋል። ይህ አነጋገር በተማሪነት ዘመን ካልተለመደ በኋላ አይመጣም።

የሚጥል በሽታ በብዙ ሀገር የነርቭ ሐኪሞች ሥራ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ብዙዎቹ ታካሚዎች የሚታዩት በአእምሮ ህክምና ክፍሎች ስለሆነ ክፍሉ እዚህ መካተቱ ጠቅሞናል። በጎኑ አስተኛው፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተት የሚለው የመጀመሪያ እርዳታ ክብሪት ጭሮ ማሽተት በተለመደበት ቦታ ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩ ሁሉ መነገር አለበት። በመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች ቫልፕሮኤት እንዳይሰጥ ማሳሰቡም በቀይ የሚሰመርበት ነው። የመርሳት በሽታና የሕጻናት ክፍሎች ለመግቢያ ያህል ይበቃሉ፤ ከዚያ በላይ የሚያስኬዱ አይመስለኝም። በዕጾች ክፍል ጫት በስም ተጠቅሷል። ነገር ግን ተማሪው ራሱ ለፈተና ሲያጠና በሚቅምበት፣ ከጫቱ በኋላ «ለጨብሲ» ተብሎ በሚጠጣበት ሀገር ለዚህ ጉዳይ ከስም መጠቀስ ያለፈ ትምህርት ያስፈልጋል፤ ያንን የሚጨምረው የሀገር ውስጥ መምህር ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ። ስለ መሠረታዊ ክብካቤ የሚናገረው ይህ ምዕራፍ አጭር ነው፤ ሥዕላዊ ቀስትና የመድኃኒት ሰንጠረዥ የለውም። የሚለው እንዲህ ነው፦ በተቻለ መጠን ለብቻ የምታናግርበት ቦታ አዘጋጅ። ሰላምታ ስጥ፣ ራስህን አስተዋውቅ። ከመጠየቅህ በፊት አድምጥ። አትፍረድ። ታካሚውን ራሱን አናግረው፤ ስለ ህክምናው በሚወሰነው ነገር አሳትፈው። በደል፣ መደፈር ወይም ራስን የመጉዳት ታሪክ ከነገረህ አመስግነው፣ በጥንቃቄ መልስለት። ምስጢሩን ጠብቅ። የአካል ጤናውንም መርምር።

ለአንባቢ ይህ ሁሉ የታወቀ ነገር ይመስላል። የጤና ጣቢያውን ክፍል ግን እናስብ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ አለ፤ በሩ ክፍት ነው፤ ወረፋ የሚጠብቁት አንገታቸውን እያስገቡ ያያሉ። ታማሚው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የሚናገረው ግን ታላቅ ወንድሙ ነው። ሐኪሙ ወንድምየውን ይጠይቃል፣ ለወንድምየው ያስረዳል፣ ወረቀቱን ለወንድምየው ይሰጣል። ታማሚው ስሙ እንኳ ሳይጠራ ይወጣል። ይህ የሚሆነው በክፋት አይደለም። ሐኪሙ ተማሪ ሳለ ከመምህሮቹ ያየው እንዲህ ነበር፤ ማንም አጠገቡ ተቀምጦ «አሁን ወንድምየውን ጥቂት ውጭ እንዲጠብቅ ጠይቀው፤ እሱን ራሱን አናግረው» አላለውም። የአእምሮ ህክምና ትምህርት እምብርት እዚህ ጋ ነው፤ መመሪያውም ያውቀዋልና በመጀመሪያ ገጾቹ አስቀመጠው። የ2017ቱ የስልጠና መጽሐፍም ሚና ተጫውቶ መለማመድን፣ ተመልክቶ ማረምን በየክፍሉ አካቷል። ግን ስልጠናው ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት አይበልጥም፤ ጊዜው ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ልምምዱ ነው፣ የሚቀረው የስላይድ ንባብ ነው። በዩኒቨርሲቲም ምርጫ ያለው የጽሑፍ ፈተና የመድኃኒት መጠንን እንጂ ማድመጥን አይመዝንም። ተማሪ ደግሞ የሚፈተንበትን ያጠናል።

መመሪያው ይሠራል ወይስ አይሠራም ለሚለው ጥያቄ ከራሳችን ሀገር የተገኘ ጠንካራ መልስ አለ። በጉራጌ አካባቢ የተካሄደና በ2022 በዓለም አቀፍ የህክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ከባድ የአእምሮ ህመም ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን በአእምሮ ህክምና ነርስ፣ ሌላውን በሰለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች አስታከመ፤ የጤና ጣቢያዎቹ ክብካቤ ከነርሶቹ ያላነሰ ሆኖ ተገኘ። በአካባቢው ሶዶ ወረዳ የተካሄደው ሌላ ፕሮግራምም ኢትዮጵያን ከሕንድ፣ ከኔፓል፣ ከደቡብ አፍሪካና ከዩጋንዳ ጋር አንድ አድርጎ ይህንኑ መንገድ ፈትሿል። ይህ ኩራታችን ነው። ከውጤቱ ጋር ግን ውጤቱን ያመጣውንም መያዝ ይገባል፤ ባለሙያዎቹ ስልጠናና ክትትል አግኝተዋል፣ ሥራቸው ታይቷል፣ ሲቸገሩ የሚጠይቁት ሰው ነበራቸው። ይህ ሁሉ በሌለበት ወረዳ መጽሐፉን ብቻ ልኮ ያንኑ ውጤት መጠበቅ አይቻልም።

ክትትል ምን እንደሚያፈራ የራሳችን ታሪክ ያስተምረናል። የአማኑኤል ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የሀገሪቱን ሸክም ብቻውን ተሸከመ። እ.ኤ.አ. በ1987 የአእምሮ ህክምና ነርሶች ስልጠና እዚያው ተጀመረ። ስፔሻሊስት ለመሆን የሚፈልግ ሐኪም ግን ወደ ውጭ መሄድ ነበረበት፤ ከሄዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከ60 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በነበራት ሀገር 11 የአእምሮ ህክምና ስፔሻሊስቶች ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሬዚደንት ትምህርቱን በሀገር ውስጥ ጀመረ። ፕሮግራሙን የሚመሩት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከቶሮንቶ በዓመት ሦስት ጊዜ መምህራንና አንድ ከፍተኛ ሬዚደንት ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ክፍል ውስጥም፣ ታካሚው አጠገብም ያስተምሩ ነበር። የቶሮንቶው ሬዚደንት እኩያቸው ስለሆነ የእኛዎቹ የሚፈሩትን ጥያቄ ለእሱ ያቀርቡለታል። ከዚያ የወጡ ሐኪሞች በየክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች መምህር ሆኑ። መጽሐፍ ሁሉም ጋ ነበር፤ ለውጡን ያመጣው መምህሩ ከተማሪውና ከታካሚው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጡ ነው። ሬዚደንቱ ያገኘውን ይህን ዕድል ጠቅላላ ሐኪም የሚሆነው ተማሪ አላገኘውም፤ አብዛኛውን ታካሚ የሚያየው ግን እሱ ነው።

በኔፓል የተሞከረ ሌላ መንገድ አለ። የአእምሮ ህመም አልፎባቸው የዳኑ ወይም ከህመሙ ጋር እየኖሩ ያሉ ሰዎች በዚሁ መመሪያ ስልጠና ላይ አሰልጣኝ ሆነው ገቡ፤ ታሪካቸውን በፎቶግራፍ እያሳዩ ተናገሩ። በዚያ የሰለጠኑ ባለሙያዎች ለታካሚዎች ያላቸው አመለካከት የተሻለ ሆነ። ተማሪዎቻችን የአእምሮ ታማሚን የሚያውቁት ሲብስበት፣ ሲጮህና ሲታሰር ነው። ተሽሎት ሥራው ላይ ያለውን፣ ልጆቿን የምታሳድገውን አያዩም፤ ስለዚህ ትምህርቱን የሚጀምሩት በተስፋ መቁረጥ ነው። በኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማህበር አለ። አባላቱን ወደ መማሪያ ክፍል መጋበዝ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ነገ ሊጀመር የሚችል ነገር ነው።

እንግዲህ ለህክምና ትምህርት ቤቶች ኃላፊዎችና ለመምህራን የማቀርበው ልመና ይህ ነው። መመሪያውን ተማሪው ሳይመረቅ በእጁ ስጡት፤ ከምረቃ በኋላ በወረዳ እንዲያገኘው አትተዉት። ጥያቄዎቹን በየአካባቢው ሕዝብ አነጋገር አዘጋጁለት። የጽሑፍ ፈተናውን ሳታስቀሩ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ታካሚ ሲያናግር መምህሩ አጠገቡ ተቀምጦ ይስማው፤ ካበቃም በኋላ የት እንዳቋረጠ፣ የት ሳያደምጥ እንዳለፈ ይንገረው፤ ከዚያም እንደገና ይሞክር። ይህን ሳያልፍ የሚመረቅ ሐኪም ስለ አእምሮ ህመም መጽሐፍ አንብቧል፤ የአእምሮ ህክምና ግን ገና አልተማረም።